ከቡና ወቅት በኋላ ያልተመለሰ እንቅልፍ፦ ለጅማው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የ29 ዓመት ወጣት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጎማ ወረዳ ውስጥ በሚገኝ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሌሊት ፈረቃ ሲሠራ ቆይቶ፣ ወቅቱ ሲያልቅ ወደ ጅማ ተመልሶ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ይዟል። «ማታ 3፡30 አልጋ ላይ እወጣለሁ፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። 11 ሰዓት ላይ ለሱብሂ እነሳለሁ፤ ሰግጄ ተመልሼ እተኛና እስከ ጠዋቱ 2፡30 ስገላበጥ አንድ ሰዓት ቢወስደኝ ነው። ከምሳ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት እቅማለሁ፤ ቡናውም አብሮ አለ። ከጥር ጀምሮ ከፋርማሲ ዲያዚፓም 5 ሚሊግራም እየገዛሁ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እውጣለሁ፤ አሁን እሱም አልሠራ ብሎኛል። ሥራው ካበቃ ይኸው ሚያዝያ ሆነ፤ እንቅልፌ ለምን አልተመለሰም?»

ወንድሜ፣ ሰዓቶቹን ለይተህ መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ያልፋል። የችግርህ ሥር ያለው እነዚያ ሰዓቶች ውስጥ ነው።

እንቅልፍህን ያናጋው የሌሊት ፈረቃው መሆኑ አያጠራጥርም። ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወድቃል፤ ገበሬው ለቅሞ የሚያስረክበው ደግሞ ወደ ማምሻው ስለሆነ ማሽኑ ሲጮኽ ያድራል። ሦስት ወር እንዲህ ያደረ ሰው እንቅልፉ ቢዛባ አያስገርምም። ነገር ግን የሰውነት ሰዓት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ እየተጎተተ ወደ ቦታው መመለስ ይችላል። ፈረቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥር ሳያልቅ ይስተካከልልህ ነበር። የጀመረው ፈረቃው ነው፤ አሁን ይዞ ያቆየው ግን እንቅልፍን ለመመለስ ብለህ የምታደርጋቸው ነገሮች ናቸው፦ አብዝተህ አልጋ ላይ መቆየትህ፣ ከሱብሂ በኋላ ተመልሰህ መተኛትህ፣ ቀኑን የምትገፋበት ጫትና ቡና፣ በላዩ ደግሞ ክኒኑ። በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየመጣ 3 ወርና ከዚያ በላይ የቆየ እንቅልፍ ማጣት ሥር የሰደደ ይባላል። ለዚህ መጀመሪያ የሚመከረው ሕክምና መድኃኒት ሳይሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚወስድ የእንቅልፍ ልማድ ማስተካከያ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፍልህም እሱን ነው።

እንቅልፍን የሚያመጡት ሁለት ጉልበቶች ናቸው። አንዱን የእንቅልፍ ረሃብ በለው። ከነቃህበት ደቂቃ ጀምሮ አንጎልህ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ 16 ሰዓት ያህል ነቅተህ ስትቆይ ረሃቡ ይበረታል፣ ስትተኛ ይቃለላል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ከዓይን ጀርባ ያለች ትንሽ የአንጎል ክፍል የጠዋቱን ብርሃን እያየች መቼ መንቃት፣ መቼ መድከም እንዳለብህ ትወስናለች። ከሱብሂ በኋላ የምትተኛት ያቺ አንድ ሰዓት ሁለቱንም ታበላሻለች። እንደ መክሰስ የማታውን ረሃብ ትዘጋለች፤ ፀሐይዋንም ትነጥቅሃለች።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ከማታው 3፡30 እስከ ጠዋቱ 2፡30 ድረስ 11 ሰዓት አለ። ለሶላት የምትነሳበትን ግማሽ ሰዓት ብንቀንስ አልጋ ላይ 10 ሰዓት ተኩል ትቆያለህ። የምትተኛው 4 እና 1፣ ጠቅላላ 5 ሰዓት ነው። አልጋ ላይ ከምታሳልፈው ጊዜ በእንቅልፍ የሚያልፈው 48 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ጤናማ የሚባለው 85 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። የቀረውን አምስት ሰዓት ተኩል እየተገላበጥክ፣ ኮርኒሱን እያየህ፣ ስልክ እየነካካህ፣ «ነገ ሱቁን እንዴት እከፍታለሁ» እያልክ ታሳልፈዋለህ። አራት ወር እንዲህ ሲሆን አልጋው ራሱ የመንቂያ ቦታ ይሆናል። ሶፋ ላይ ዓይኑ ሲከደን የነበረ ሰው አልጋ ላይ ሲወጣ ፍጥጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቀድመህ ለመተኛት መሞከሩን ተው። መጀመሪያ የሚስተካከለው የመነሻው ሰዓት ነው፤ አንተ ደግሞ ሌላው ሰው በማንቂያ ደወል የሚታገልለት ቋሚ መነሻ አለህ፤ ሱብሂ። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሱብሂ ወቅት ከክረምት እስከ በጋ ብዙ አይዋዥቅም። 11 ሰዓትን መነሻህ አድርገው። ከዚያ በኋላ ጀርባህ አልጋ አይንካ። ዓርብም፣ እሑድም፣ ሌሊቱን አንድ ሰዓት ብቻ ተኝተህ ያደርክ ዕለትም ያው ነው።

የመተኛውን ሰዓት የሚወስነው አሁን የምትተኛው መጠን ነው። 5 ሰዓት ትተኛለህ፤ ግማሽ ሰዓት ጨምረን 5 ሰዓት ተኩል እንስጥህ። ከ11 ወደ ኋላ ስትቆጥር የመተኛ ሰዓትህ ከሌሊቱ 5፡30 ነው። ከዚያ በፊት ቢደክምህም አትተኛም። ይህ ጭካኔ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እንቅልፍ ያጣን ሰው ትንሽ ተኛ ማለት ግራ ያጋባል። ግን የተበታተነው እንቅልፍ የሚሰበሰበውና አልጋው እንደገና ከእንቅልፍ ጋር የሚለመደው በዚህ መንገድ ነው።

ከመጀመርህ በፊት አንድ ደብተር ይዘህ ለ7 ቀን ጻፍ፦ ስንት ሰዓት አልጋ ላይ ወጣህ፣ በግምት ስንት ሰዓት ወሰደህ፣ ሌሊት በጠቅላላው ስንት ደቂቃ ነቃህ፣ ስንት ሰዓት ተነሳህ፣ የመጨረሻው ቡናና የመጨረሻው ጫት ስንት ሰዓት ነበር፣ ክኒን ወሰድክ ወይ። የምትጽፈው ጠዋት በግምት ነው፤ ሌሊት ሰዓት እያየህ አትጻፍ። ሰዓት ባየህ ቁጥር «አራት ሰዓት ቀረኝ፣ ሦስት ሰዓት ቀረኝ» የሚለው ስሌት ይጀምራል፣ ልብም ይመታል። ስልኩን ገልብጠህ ከእጅህ ርቀት ውጪ አስቀምጠው። ደብተሩ የምትተኛው በእርግጥ 6 ሰዓት መሆኑን ካሳየ የአልጋ ጊዜህን 6 ሰዓት አድርገው። ከ5 ሰዓት ተኩል በታች ግን በምንም ምክንያት አትውረድ።

ከዚያ በየሳምንቱ መጨረሻ የተኛህበትን ደቂቃ አልጋ ላይ ለቆየህበት ደቂቃ አካፍለህ በ100 አባዛ። 5 ሰዓት ተኩል 330 ደቂቃ ነው፤ 85 በመቶው 280 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። የሳምንቱ አማካይ እዚያ ከደረሰ መተኛህን በ15 ደቂቃ ታስቀድማለህ፤ 5፡30 የነበረው 5፡15 ይሆናል። ከ80 እስከ 85 ከሆነ ባለበት ይቆይ። ከ80 በታች ከሆነ ሰዓቱን ከመንካትህ በፊት ሌባውን ፈልግ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው ቀን ላይ ጋደም ያልክበትን ሰዓት ወይም አመሻሽ የጠጣኸውን ቡና ነው። በዚህ አካሄድ ሁሉም ከሠመረ ከ6 ጭማሪ በኋላ ከማታው 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ 7 ሰዓት ሙሉ ትደርሳለህ። አንድ ሳምንት ስለተሳካ በአንዴ አንድ ሰዓት የሚጨምር ሰው በሦስተኛው ቀን ወደነበረበት ይመለሳል።

የሚከብደው ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን ነው። ቀን ላይ ዓይን ይከብዳል፣ ትዕግሥት ያጥራል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ጋ ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ያ ድካም ሥራው መሥራት መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ ሞተርና ባጃጅ አታሽከርክር፣ የሚሽከረከር ቀበቶ ካለው ማሽን ራቅ። ዓይንህ ካቃተው ከ9 ሰዓት በፊት ለ20 ደቂቃ ብቻ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ማሸለብ ይፈቀድልሃል። ከማታው 2 ሰዓት እስከ 5፡30 ያለው ክፍተት ደግሞ አታላይ ነው፤ ቴሌቪዥን ፊት ጋደም ያለ ሰው 3 ሰዓት ላይ ሳያውቀው ይሸለባል፣ ከዚያ ሌሊቱን ያፈጣል። የሱቁን ሂሳብ ሥራ፣ ሸሚዝ ተኩስ፣ ዕቃ እጠብ። ብቻ አትጋደም። የሚጥል በሽታ፣ ስሜት ከመጠን በላይ የሚወጣና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም ወይም በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የመቋረጥ ችግር ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር፣ ይህን የአልጋ ማሳጠር ያለ ሐኪም ክትትል አይጀምር።

አልጋ ላይ ወጥተህ 20 ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ሲመስልህ ወይም መናደድ ስትጀምር ተነሳ። ደብዛዛ መብራት አብርተህ የማያጓጓ ነገር አንብብ፣ ዚክር አድርግ፣ ልብስ አጣጥፍ፤ ዓይንህ ሲከብድ ብቻ ተመለስ። አምስት ጊዜ ቢሆን አምስት ጊዜ። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ይቸግራል፤ በተለይ በርጫውም እንቅልፉም እዚያው ፍራሽ ላይ ከሆነ። እስቲ አስበው፦ ከሰዓት ትራስ ተደግፈህ፣ ገረባው ፊትህ ተከምሮ፣ ወሬው ደርቶ አራት ሰዓት የነቃህበት ፍራሽ ላይ ማታ «አሁን ተኛ» ትለዋለህ። ሰውነት እንዲህ ያለውን ለይቶ አያይም። ቢያንስ የመቃሚያውን ፍራሽና የመተኛውን አልጋ ለይ። ሁለተኛ ቦታ ከሌለህ ያቺ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ትበቃለች፤ ጥግ አስቀምጣትና ሌሊት የምትነሳው እሷ ላይ ለመቀመጥ ይሁን።

ወደ ጫቱ እንምጣ። «ጫት ተው» ብሎ ጥያቄህን መዝጋት ቀላል ነበር፤ ግን ብዙ ሰው ጫት ትቶም የአልጋ ልማዱ ሳይስተካከል ስለሚቀር እንቅልፉ አይመለስም። ሆኖም ካልቀነስከው ከላይ ያለው ሁሉ ግማሹን ኃይሉን ያጣል። ለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ዋናው አነቃቂ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደከመው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ እርጥበቱ እንዲጠበቅ የሚደረገው። ካቲኖን በደም ውስጥ የሚበረታው መቃም ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ ካቲን ግን ግማሹ ለመውጣት እንኳ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 8 ሰዓት ጀምረህ 12 ስትጨርስ ምርቃናው ቢበርድም ሰውነትህ ሌሊት 5፡30 ላይ ገና ትርፉን እያስወጣ ነው።

በማስታወሻው ሳምንት 10 ሰዓት ላይ ማቆምን ልመድ፤ የቀረውን ቅጠል ለነገ አታስቀምጥ፣ ጣለው። በሁለተኛው ሳምንት ካንድ እስር ወደ ግማሽ ውረድ። በሦስተኛው ሳምንት ቀን እየዘለልክ ቃም። ከዚያ ወዲያ መቆም ከቻልክ የተሻለ ነው። ስትቀንስ ለጥቂት ቀናት ሐራራ፣ ድብርት፣ ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል፤ ሌሊት ደግሞ ከባድ ሕልምና ዱካክ። ዱካክ ሲይዝህ ነቅተህ እያለ እጅ እግርህን ማንቀሳቀስ ያቅትሃል፣ ደረትህ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠ ይመስልሃል። የሕልም እንቅልፍ ላይ ሰውነት ሕልሙን እንዳይተውን ጡንቻዎች ይፈታሉ፤ አእምሮህ ከጡንቻው ቀድሞ ሲነቃ የሚሰማህ እሱ ነው። ከሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል፣ ጉዳትም የለውም። በጎንህ ተኛ፤ በጀርባ ሲተኙ ይበዛል። ይህን በመፍራት ነው ብዙ ሰው ወደ ቅጠሉ የሚመለሰው።

ምርቃናን በአልኮል ለመስበር ጨብሲ የሚሄዱ አንባቢዎችም ይህን ይወቁት፦ አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ከዲያዚፓም ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ትንፋሽን ሊያፍን ይችላል።

ቡናን በተመለከተ፣ ካፌይን የሚሠራው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው፤ ረሃቡ አለ፣ አንተ ግን አይሰማህም። ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው በአማካይ በ5 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሃት ሲኒ ሌሊት 5፡30 ላይ ከግማሽ በትንሹ ያነሰ ካፌይኗ አብሮህ አለ። የመጨረሻውን ቡና ከቀኑ 6 ሰዓት አታሳልፍ። ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ እምቢ ማለት እንደሚከብድ ይገባኛል። ቶናና በረካ ቢቀጥኑም ከካፌይን ነፃ አይደሉም፤ የቡና ቅጠልም ሆነ ገለባ አፍልቶ መጠጣት ያው ካፌይን ነው። ጎረቤት ሲጠራህ ሂድ፣ ፈንዲሻውን ቅመስ፣ «ሐኪም ከለከለኝ» በል፤ ማንም አይቀየምም። ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ኮላና ሻይም ይቆጠራል።

ጠዋት ከሱብሂ በኋላ ገና ጨለማ ነው። ደማቅ መብራትና ስልክ አትክፈት፤ ሰውነትህ አሁን አምሽቶ መተኛት ስለለመደ ያ ሰዓት ለእሱ ገና ውድቅት ነው፣ የዚያን ሰዓት ደማቅ ብርሃን ሰዓቱን ይበልጥ ሊያዘገየው ይችላል። 12፡30 ገደማ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ውጣና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእግርህ ሂድ፤ ወደ ሱቅህ በባጃጅ ከመሄድ በእግር ሂድ። ክረምት ሲገባ «ደመና ነው» ብለህ አትቅር፤ በደመና ቀን ያለው የውጪ ብርሃን እንኳ ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ማታ አንድ ጥሩ የቆየ ልማድ አለን፣ እግር መታጠብ። ከመተኛትህ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በፊት እግርህን 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ፣ ክርንህ ሲነካው በሚሞቅህ ግን በማያቃጥልህ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ አቆይ። የእግር ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የውስጥ ሙቀት በእግር በኩል ይወጣል፤ እንቅልፍ የሚመጣው የውስጥ ሙቀት ሲወርድ ስለሆነ ይረዳል። እግረ መንገድህን ፍራሹን ገልብጠህ ትኋን ፈትሽ፤ የሚበላው ሰው ምንም ሥርዓት ቢከተል አይተኛም። ሐሳብ ከበዛብህም ከመግሪብ በኋላ 15 ደቂቃ ተቀመጥና የሱቁን ዕዳ፣ የነገውን ሥራ፣ የሚያስጨንቅህን ሁሉ በወረቀት ላይ አስፍር፤ ከእያንዳንዱ ጎን ነገ የምታደርገውን አንድ እርምጃ ጻፍና ደብተሩን ዝጋ።

ስለ ዲያዚፓሙ ቁርጡን ልንገርህ። አልሠራ ያለህ ሰውነትህ ስለለመደው ነው። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይወስዳል፤ ከእሱ የሚፈጠረው ሌላው ንጥረ ነገር ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ቀን ላይ የሚሰማህ ድንዛዜ፣ ለመንቃት ብለህ የምትጨምረው ቡናና ጫት፣ ማታ ደግሞ ያንን ለማብረድ የምትውጠው ክኒን እርስ በርስ የሚመጋገቡ ናቸው። መጠኑን አትጨምር፣ ከሌላ ማስተኛ ጋርም አትቀላቅል። በየቀኑ ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ሊያስከትልበት ስለሚችል፣ በሐኪም ክትትል በየ2 ሳምንቱ ከመጠኑ እስከ ሩብ ያህል እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ያንተ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ስለሆነ መውጣቱ ይቀልላል፤ ቢሆንም ለሐኪም አሳይተህ ይሁን። ካቆምክ በኋላ ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ቢብስ በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም፣ መድኃኒቱ ሲወጣ የሚያሳየው ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሐኪም ማየት የሚገባህ እነዚህ ካሉ ነው፦ ጮክ ብለህ የምታንኮራፋና ትንፋሽህ ቆም እያለ በመታፈን የምትነቃ ከሆነ፣ ማታ እግርህን አላስቀምጥ የሚል ስሜት ካለ (የብረት ማነስ ሊያመጣው ይችላል)፣ ክብደት እየቀነስክ ልብህ የሚመታና የሚያልብህ ከሆነ፣ ሌሊት ደጋግመህ ለሽንት የምትነሳ ከሆነ። ለሁለት ሳምንት ያህል ነገር ሁሉ ካስጠላህ፣ መኖር ካታከተህ ወይም ሳትተኛ ቀናት አልፈው ጭራሽ ጉልበት ከበዛብህ፣ ወይም ሰው የሚከታተልህ ከመሰለህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ ሂድ፤ ደብተሩንም ይዘህ ግባ፣ ለሐኪሙ ብዙ ጥያቄ ያቀልለታል።

መጪው ጥቅምት ወደ ጣቢያው የምትመለስ ከሆነ ከአሁኑ አስብበት። ፈረቃው ጠዋት 12 ሰዓት ሲያልቅ ኮፍያ አድርገህ፣ ጥቁር መነጽር ካለህም እሱን ለብሰህ ቶሎ ወደ ማደሪያ ግባ፤ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍነህ ከ1 እስከ 7 ሰዓት ተኛ። ቡና የፈረቃው የመጀመሪያ እኩሌታ ላይ ብቻ ይሁን። የዕረፍት ሌሊት ሲኖርህም ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ያለውን እንቅልፍ አትልቀቀው፤ ቢያንስ አራቱ ሰዓት በየቀኑ ቦታው ላይ ከዋለ የሰውነት ሰዓትህ ከወዲያ ወዲህ አይዋልልም። የመጨረሻው ፈረቃ ባለቀበት ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝተህ ተነስ፣ ቀኑን ውጪ ዋል፤ መኪና አትንዳ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ተኛ፣ በማግስቱ ለሱብሂ ተነስተህ ወደ አልጋ አትመለስ።